ድንጋዩ ሳይሞቅ የተነሣ ጎጆ

ኦቲልያ የወፍ ጎጆውን በሩዋናዋ፣ በሱፍ ካባዋ፣ እጥፋት ይዛ ከብርዳማው የተራራ አናት፣ ከፓራሞው፣ ስትወርድ የቤቱ ሰው ሁሉ ሐሳቡ የወንድሟ ሚስት ምጥ ላይ ነበር። ከየት አገኘሽው፣ ምን ሰዓት ላይ አነሣሽው ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

አዋላጇ ዶኛ ቤላርሚና እጇን በሙቅ ውሃ ታጥባ ስታበቃ ጎጆውን ተቀብላ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ከሲኒ የሚተልቅ አይደለም። አገላበጠችው፣ በአውራ ጣቷ ውስጡን ዳሰሰችው።

«ይሄ ነው ጎጆ ማለት» አለች። «የእኔ ልጆች የተኙበት ዝናብ የጠገበ፣ ጠርዙ የተበላ ነበር። ይሄ ትላንት የተሠራ ይመስላል።»

ኦቲልያ ሩዋናዋን የምታደርቅ መስላ ወደ ምድጃው ዞረች።

በዚያ በቦያካ ተራሮች ከፍታ ላይ ባለው መንደር ልጅ ሊወለድ ሲል የአባትየው እህት ወደ ላይ ወጥታ የቺቪቶ ጎጆ ታመጣለች። ቺቪቶ ማለት ግልገል ፍየል ነው፤ ወፏን እንዲህ ያሏት ወንዱ ከመንቆሩ ሥር አረንጓዴ ጢም፣ ከአናቱ ላይ ነጭ ጉትዬ ስላለው ነው። አውራ ጣት የምታህል አበባ መጣጭ ናት። የቆላ ዘመዶቿ አበባ ፊት አየር ላይ ቆመው ሲርገበገቡ እርሷ ፍራይሌሆን በሚባለው ጠጉራም ተክል ቢጫ አበባ ላይ በእግሯ ቆማ፣ እርሻውን እንደሚዞር ገበሬ እየተራመደች ትቀስማለች። ጎጆዋንም የምትሠራው ከዚያው ተክል ነው፤ በፍራይሌሆን ቅጠል ላይ የሚበቅለውን ነጭ ጠጉር እየነጨች ከድንጋይ ሽበት ጋር ትጎነጉነዋለች። ጫጩቶቹ በረው ሲሄዱ ያ ጎጆ ሕፃን ትራስ ውስጥ ይሰፋል። ፓራሞው ላይ ውሃ በሚረጋበት ብርድ ቺቪቶ እስትንፋሷን ሰብስባ፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዛ ታድርና ፀሐይ ሲነካት ትነሣለች። ጎጆዋ ላይ የተኛ ልጅም ብርድ አይጥለውም፣ ከፀሐይ ጋር ይነሣል ይላሉ። ስለዚህም በዚያ ትራስ ላይ የተኛን ልጅ ማንም አይቀሰቅሰውም።

ሕጉ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ጎጆው የተተወ ይሁን። ፀሐይ ወጥታ ድንጋዩ ሳይሞቅ ደግሞ አይነካ፤ የሞተች የመሰለችው እናት ተኝታ ሊሆን ይችላልና። ኦቲልያ ይህን ከእናቷ እየሰማች ነው ያደገችው። ሌላው ቢረሳ እርሷ የምትረሳው ነገር አልነበረም።

ቀደም ብላ መውጣት ትችል ነበር። የወንድሟ የኤውዶሮ ሚስት ኑቢያ ሆዷ መግፋት ከጀመረ አንሥቶ፣ በዚያ ለስላሳ አነጋገሯ፣ «እርስዎ መቼ ይወጡ ይሆን?» እያለች ስትጠይቃት ሰንብታለች። ኦቲልያም ገና ነው፣ ጊዜ አለ ትላት ነበር። ድንች መኮትኮት አለ፣ በጎቹ አሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ የዚያ ቤት ማድ ቤት የኦቲልያ ነበር። ኑቢያ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ ድስቶቹን ብቻ ከነበሩበት መደርደሪያ ወደ መስኮቱ ሥር አዛወረቻቸው። ኦቲልያ በዚህ ነገር ተቀይማለች ብትባል ትስቅ ነበር። ግን ስለ ጎጆው ስትጠየቅ ሁልጊዜ አንድ የምትሠራው ነገር አይጠፋትም ነበር።

ኑቢያ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። በሦስተኛው እርግዝናዋ ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ሲይዛት ኤውዶሮ ጎህ ሳይቀድ የእህቱን በር መታ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። እርሱ ዶኛ ቤላርሚናን ሊጠራ በበቅሎ ወረደ። ኦቲልያ ወደ ላይ ወጣች።

ሳምንቱን በረዶ ሲወርድ ሰንብቷል። የፍራይሌሆኑ አበባ ተደብድቦ ጠቁሯል፤ መሬቱ በእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ፔኛ ሶላ ከሚባለው ቋጥኝ ሥር አንድ አሮጌ ጎጆ እንዳለ ታውቅ ነበርና በቀጥታ ወደዚያ ሄደች። አሮጌው ጎጆ በበረዶው ረግፎ ጭቃ ሆኗል። ከእርሱ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የድንጋዩ ጥርስ ሥር ግን ሌላ ነበር፤ ነጭ፣ ክብ፣ ያማረ።

ወፏ ጎጆው ላይ ነበረች። ጢም የሌላት፣ ቡናማዋ፣ እናቲቱ። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ መንቆሯን ወደ ላይ ቀስራለች፤ ዓይኗ ተከድኗል። ኦቲልያ በጣቷ ነካቻት። የነካችው ድንጋዩን ይሁን ወፏን ለመለየት አስቸገራት። ከፍ ስታደርጋት ከሥሯ ባቄላ የሚያህሉ ሁለት ነጭ እንቁላሎች አሉ፤ እነርሱም ቀዝቅዘዋል።

«ሞታለች» አለች ድምፅ አውጥታ።

ወደ ምሥራቅ አየች። ግራጫ ነው። መጠበቅ ነበረባት። ጭጋጉ እስኪነሣ፣ ፀሐይዋ እስክትደርስ፣ ድንጋዩ እስኪሞቅ ቁጭ ማለት ነበረባት። የኑቢያን ጩኸት አሰበች። ልጁ ባዶ ትራስ ላይ ቢተኛ፣ ሦስተኛውም ቢሞት፣ ሰው ወደ ማን እንደሚዞር አሰበች። ወፏን ክብደት የሌላት ያህል አነሣችና ከፍራይሌሆኑ ግንድ ላይ በሚንጠለጠለው ደረቅ ቅጠል ውስጥ ሸጎጠቻት። እንቁላሎቹንም ከጎኗ አኖረች፤ ለቀብር ያህል። ከዚያ ጎጆውን በሁለት ጣት ከድንጋዩ አላቀቀችው። ስትወርድ ዞር ብላ አላየችም።

*

ኤውዶሮ ያልታዘዘውን ውሃ እያመጣ፣ ያልተጠየቀውን እንጨት እየጨመረ ሲገባና ሲወጣ ዶኛ ቤላርሚና መረራት።

«አንተ ልጅ» አለችው፣ «ወይ ውጣ፣ ወይ ውለድ።»

ኑቢያ በምጥ መሐል ሳቀች። ከእኩለ ቀን በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ትንሽ ነበረች፤ ዶኛ ቤላርሚና በመዳፏ መዝና ከዚህ የሚበልጥ ድንች ለአሳማ ጥዬ አውቃለሁ ብላ ቀለደች። ግን አለቀሰች፣ ጡትም ፈለገች። ማርሴሊና አሏት። ትራሱን የሰፋችው ኦቲልያ ናት፤ ወጉ እንዲያ ነው። ጎጆውን በበግ ጠጉር መሐል አድርጋ ስትሰፋ ክሩ ሁለት ጊዜ በእጇ ላይ ተበጠሰ።

ሲነጋ ሰማዩ ጠራ። በጎቹን ልያቸው ብላ ወጣች። በጎቹ ያሉት በታች በኩል ነው፤ እርሷ ወደ ላይ ነው የሄደችው።

ፔኛ ሶላ ፀሐይ ሞቆት እንፋሎት ይወጣው ነበር። ከፍራይሌሆኑ ቅጠል ውስጥ ወፏ የለችም። አንዱ እንቁላል ወድቆ ተሰብሯል፤ ሌላው እንዳስቀመጠችው አለ። ጭልፊት ወይም ቀበሮ በልቷት ይሆናል ብላ ለራሷ ለመንገር ስትሞክር ከጆሮዋ አጠገብ የክንፍ ድምፅ ሰማች።

ቡናማዋ ወፍ ነበረች። በመንቆሯ ነጭ ጠጉር ይዛለች። ወደ ድንጋዩ ጥርስ ሄደች፣ ጎጆው የነበረበት ቦታ ፊት አየር ላይ ቆመች፤ እግሯን የምታሳርፍበት ስላጣች ነው። ቺቪቶ አየር ላይ አትቆምም፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ሳስቶ ያደክማታል። እርሷ ግን ቆመች። ሄደች፣ ተመለሰች፣ ያንኑ ባዶ ድንጋይ እንደገና አየች። ጠጉሩ ከመንቆሯ ወደቀ።

ኦቲልያ ብዙ ጊዜ ቆማ ተመለከተች። ሞታለች ብላ ከልቧ አምና ቢሆን ኖሮ ያን ጠዋት ዞር ብላ ማየት ባላስፈራት ነበር። ይህን የተረዳችው እዚያ ቆማ ነው።

*

ወሬው ጥሩ ነበር። ጎረቤት ሴቶች ለአራሷ ዶሮና የፓኔላ ስኳር ይዘው እየመጡ አልጋውን ይከባሉ። እንዲህ ያለ ሰላማዊ ልጅ አላየንም ይላሉ። ማርሴሊና አታለቅስም። በጥቅሏ ውስጥ ሆና ትተኛለች፤ ጡት ሲሰጧት ሁለት ሦስቴ ስባ ዓይኗን ትከድናለች። ኤውዶሮ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ እህቴ ያመጣችው ጎጆ እኮ ነው ይላል። ኑቢያ ደግሞ አንድ ጠዋት የኦቲልያን እጅ ይዛ ሳመችው።

«እርስዎ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር» አለቻት። «እኔ እኮ ስለዘገዩብኝ በልቤ ተቀይሜዎት ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ኦቲልያ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ሾርባው ሊገነፍል ነው ብላ ተነሣች። ሾርባው አልፈላም ነበር።

ሌላ ሰው ያላየውን ማየት የጀመረችው እርሷ ናት፤ በሌባ ዓይን ስለምታይ ይሆናል። የልጅቷ ፊት መጀመሪያ በፀሐይ የተመታ መሰለ። ከዚያ የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ደረቷ። ጨርቋን ስትቀይርላት እግሯ እንደ በፊቱ አይታጠፍም፣ ልል ሆኗል። ዶኛ ቤላርሚና ልትጠይቅ ስትመጣ ጠቆመቻት። አዋላጇ ልጅቷን ወደ መስኮቱ አቅርባ አየችና የቺቪቶ እንቅልፍ ነው፣ ከባድ ነው፣ ወሯ ስላልደረሰ የቀረውን ተኝታ ልትጨርስ ነው አለች። ቢጫነቱም ይለቃል አለች። ይህን ስትል ግን የኦቲልያን ፊት አላየችም።

ኦቲልያ ከዳር ከዳር ሞከረች። ትራሱ ሽንት ነክቶታል፣ ልጠበው አለች፤ ኑቢያ ደረቅ ነው ብላ እምቢ አለች። ወደ ታች ከተማ ጤና ጣቢያ ብናወርዳትስ አለች፤ ኤውዶሮ ሳቀባት። በዚህ ብርድ፣ በወተት መኪና ላይ፣ ጎጆዋን ትታ ወዴት ትሄዳለች አላት። ለጡት እንቀስቅሳት ስትል ደግሞ ኑቢያ ከልቧ ደነገጠች።

«ባመጡት ጎጆ እርስዎ ካላመኑ እኛ እንዴት እንመን?» አለቻት።

ይሄ ቃል ተከትሏት በረት ድረስ ሄደ። ላሟን እያለበች ነገሩ እንደ ወተቱ አረፋ ከፍ ከፍ ብሎ መጣባት። ልጅቷን አልጋው ላይ ያስተኛት በሽታ ነው፤ አልጋው ላይ ያቆያት ግን ጎጆው ነው። ጎጆው ደግሞ ውሸት ነው፤ ውሸት መሆኑን የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ናት። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ልጅቷ ብትሞት እንኳ ወሯ ሳይደርስ ተወልዳ ነው ይባላል፤ እርሷም ከሴቶቹ ጋር ቆማ ታለቅሳለች። ራሷን በዚያ ለቅሶ መሐል ቆማ አየችው፤ ጥቁር ሻሿንም ጭምር። ማለቡን ሳትጨርስ ተነሣች።

ፀሐይ ወጥታ በመስኮቱ ገብታ ነበር። ብርሃኑ ልጅቷ ፊት ላይ አርፏል፤ ልጅቷ አልነቃችም። ኑቢያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጡቷን ይዛ ትጠብቃለች፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር፣ ግን ቆይቶ የደረቀ ፈገግታ ነው። ከላይኛው መታጠፊያ የወተት መኪናው ጥሩምባ ተሰማ። ቁልቁለቱን ጨርሶ በራቸው ላይ የሚያልፈው የወተት ጋኖቹን ሁሉ ከለቀመ በኋላ ነው፤ ካለፈ እስከ ነገ አይመለስም።

«ኑቢያ» አለች ኦቲልያ። «ጎጆው የተተወ አልነበረም።»

ኑቢያ ጡቷን ወደ ልጅቷ አፍ አስጠጋች።

«እናቲቱ ላዩ ላይ ነበረች። ቀዝቅዛ ነበር፣ ፀሐይ አልጠበቅኩላትም። እንቁላል ነበረው። አንሥቼ ጣልኳትና ጎጆውን ወሰድኩት።» ወደ አልጋው አንድ እርምጃ ቀረበች። «በማግሥቱ በሕይወት አየኋት። ይሄ ጎጆ ምንም አይደለም ኑቢያ። ልጅቷ በጎጆው አይደለም የምትተኛው። ታማለች። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ደጅ ላይ ጫማውን ሲያጠልቅ የነበረው ኤውዶሮ በአንድ እግሩ እንደቆመ ቀረ።

ኑቢያ አልጮኸችም። ልጇን አየች፤ ይሄን ሁሉ ጊዜ አይታት እንደማታውቅ ሁሉ አየቻት፣ የዓይኗን ቆብ በጣቷ ገለጥ አድርጋ ቢጫውን አየች። ከዚያ ትራሱን ሳበችና ስፌቱን በጥርሷ ቀደደችው። ጎጆውን አውጥታ ኦቲልያ እጅ ላይ አስቀመጠችው። አልወረወረችውም፤ አስቀመጠችው።

«ጥራው» አለች ለባሏ። «መኪናውን አስቁመው።»

ኤውዶሮ በአንድ እግር ጫማ ሮጦ መንገዱ መሐል ቆመ። ሾፌሩ ዶን ኤቬልዮ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ ምነው፣ ሚስትህ አባረረችህ እንዴ ሊል ጀምሮ፣ አራሷ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ስትወጣ ሲያይ ቃሉን ዋጠና ወርዶ በሩን ከፈተ። ኦቲልያ ሻሏን ደርባ ከኋላ ደረሰች። እግሯን መወጣጫው ላይ ስታነሣ ኑቢያ ከውስጥ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «አንቺ እዚህ ቅሪ» አለቻት።

ከሙሽርነቷ ጀምሮ አንድ ቀን አንቺ ብላት አታውቅም ነበር።

*

ቤቱ ባዶ ሆነ። ኦቲልያ ላሟን አልባ ጨረሰች፣ ድንች ቀቀለች፣ የሚበላው ሰው እንደሌለ ትዝ ሲላት ለውሻው ሰጠችው። ጎጆውን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። መደርደሪያው ላይ ብታደርገው ያያታል፤ ሳጥን ውስጥ ብታደርገው መደበቅ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ጠረጴዛው መሐል፣ ሁሉም ሰው በሚያይበት ቦታ ተወችው።

መጀመሪያ ያየችው ዶኛ ቤላርሚና ናት። ወሬውን ሰምታ፣ ዳገቱ አስጎንብሷት መጣች። ኦቲልያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ወፏን ቅጠል ውስጥ መሸጎጧን፣ እንቁላሎቹን ለቀብር ያህል ማስቀመጧን ሳይቀር። አዋላጇ ጎጆውን አነሣችና እንደ ያን ቀን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ትላንት የተሠራ ይመስላል ያልኩት ለምን ይመስልሻል?» አለች።

ኦቲልያ ቀና አለች።

«የስንቱን ልጅ ጎጆ ይዣለሁ። ጫጩት ያደገበት ጠርዙ ይረገጣል፣ ይሰፋል፣ ኩስ ይነካዋል። ይሄ ንጹሕ ነበር።» መልሳ አስቀመጠችው። «እሷ እያማጠች ነው፣ አሁን ምን ላድርግ አልኩ። ከዚያ ልጅቷ ስትተኛም ዝም አልኩ። ከባድ እንቅልፍ ነው ብዬ ያረፍኩት እኔ ነኝ እኮ።»

ኦቲልያ ይሄ ቃል ያቀልልኛል ብላ ጠበቀች። አላቀለላትም። ሌላ ሰው ከጎንሽ ቆሞ ሲሸከም የአንቺ ሸክም እንዳለ ነው። ዶኛ ቤላርሚና የቀረበላትን የፓኔላ ውሃ ሳትጠጣ፣ ሳትቀመጥም ወጣች።

በማግሥቱ ኤውዶሮ ብቻውን ተመለሰ። የልጅቷ ደም ውስጥ ቢጫው በዝቶ ጭንቅላቷ ላይ ሊወጣ ደርሶ እንደነበር፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንደተወሰደች፣ አሁን ራቁቷን ሰማያዊ መብራት ሥር ዓይኗ ተሸፍኖ እንደተኛች ነገራት። በጠርሙስ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያጠቧታል። ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ብላ ነርሷ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው አለ። ኤውዶሮም አልጨረሰውም። የእህቱን ፊት ሳያይ ለኑቢያ የሚወስደውን ልብስ ሰበሰበ። በሩ ላይ ሲደርስ ብቻ፣ «ባትነግሪን ኖሮ…» ብሎ ጀመረና፣ ያ ደግሞ ምስጋና እንዳይመስል ፈርቶ ይሁን፣ ወጣ።

ኦቲልያ ያን ቀን ጎጆውን ይዛ ወደ ፔኛ ሶላ ወጣች። ዋጋ እንደሌለው ታውቃለች። ጭቃ አቡክታ ከድንጋዩ ጥርስ ሥር፣ ከነበረበት ላይ ለጠፈችው። እጇ ሸካራ ነው፣ ወፏ እንደሠራችው አልሆነም፣ ዘመመ። ፀሐይዋ እስክትዞር ጠበቀች፤ የመጣ የለም። ራቅ ብሎ ካለ ፍራይሌሆን ላይ አንድ ጢማም ወንድ እየተራመደ ከበረዶ የተረፈ አበባ ሲለቅም አየች። እርሷ የምትፈልገው እርሱን አልነበረም።

*

ኑቢያ ከልጇ ጋር የተመለሰችው በዚያው የወተት መኪና ነው። ዶን ኤቬልዮ ስንት ዓመት ወተት ሳወርድ ኖሬ ዛሬ ገና ጡት የምትጠባ ይዤ ወጣሁ ብሎ ቀለደ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ኑቢያም ሳቀች። ኦቲልያ ደጁ ላይ ቆማ ነበር። ኑቢያ ስታልፍ ጭንቅላቷን ነቀነቀችላት፤ ለጎረቤት እንደሚደረገው።

ሐኪሞቹ ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ትሙቅ ብለዋል። ኑቢያ ጠዋት ጠዋት ደጅ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ትቀመጣለች። ኦቲልያ ዶሮ ትሠራለች፣ ታቀርብላታለች፤ ኑቢያ ትበላለች፣ ሳህኑን ታስቀምጣለች። ልጅቷ አሁን ታለቅሳለች። ጎረቤት ሁሉ የሚሰማው፣ ጆሮ የሚበሳ ለቅሶ። ኦቲልያ ማድ ቤት ሆና በሰማችው ቁጥር እጇ ለአፍታ ከሥራው ይቆማል። ልታቅፋት አልጠየቀችም፤ እንኪ ያላትም አልነበረም።

አንድ ጠዋት ኑቢያ ከደጅ ጠራቻት። ኦቲልያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች።

«ወፏስ?» አለች ኑቢያ፣ ዓይኗን ከልጇ ላይ ሳታነሣ።

«ተርፋለች። ሌላ ቦታ መሥራት ሳትጀምር አልቀረችም፣ አላየኋትም።»

«እንቁላሎቹስ?»

«የሉም።»

«ስንት ነበሩ?»

ኦቲልያ ይሄ ጥያቄ እንዳይመጣ ስትፈራ ነበር የሰነበተችው። «ሁለት» አለች።

ኑቢያ የልጇን ጥቅል አጠበቀች። ከማድ ቤት ድስቱ ሲንፈቀፈቅ ይሰማል። ኦቲልያ የሆነ ነገር ትናገር ዘንድ ፈለገች፣ ግን ከአፏ የሚወጣው ሁሉ ለራሷ የሚጠቅም ቃል መስሎ ታያት።

«ጨርቅ ላጥብ ነው» አለች ኑቢያ መጨረሻ ላይ ተነሥታ። ልጅቷን በሁለት እጇ ይዛ ለአፍታ ቆመች፤ ከዚያ ሰጠቻት። «ያዣት። ጀርባዋን ወደ ፀሐይ አድርጊላት። ጭንቅላቷን ደግፊ።»

ኦቲልያ ተቀበለቻት። ከምታስታውሰው ትከብዳለች። የድንጋዩ መቀመጫ በጭኗ በኩል ብርዱ ይሰማታል፤ ጥላው ገና ከላዩ ላይ እየለቀቀ ነበር። ልጅቷን አዙራ ጀርባዋን ለብርሃኑ ሰጠች፣ በመዳፏም ትከሻዋን ከለለች። ትንሿ ደረት በእጇ ላይ ከፍ ዝቅ ስትል ትቈጣጠራለች፤ ትንሽ የዘገየ በመሰላት ጊዜ ሁሉ የራሷንም ትንፋሽ ትይዛለች።

አጥሩ ላይ ክንፍ ተርገበገበ። ዞር ስትል የቤት ወፍ ናት፤ በየግቢው የምትለቅም፣ አንገቷ ቀይ የሆነች ድንቢጥ። የድንች ልጣጭ ቆንጥራ ሄደች። ኦቲልያ አጥሩን ማየት አላቋረጠችም።

ኑቢያ ከጓሮ ጨርቅ እየጨመቀች፣ ካለቀሰች አስገቢያት፣ ፀሐዩም ይበቃታል አለቻት።

ኦቲልያ ነጻ እጇን መቀመጫው ላይ አድርጋ ዳሰሰችው።

«ትንሽ እንቆይ» አለች። «ድንጋዩ ገና አልሞቀም።»

ጓሮ ውስጥ የጨርቁ ጭመቃ ቆመ፣ ከዚያ እንደገና ቀጠለ።